ከጓዳ የማይለይ መጽሐፍ

ከከተማ ርቆ፣ መሬት እያረሰ ልጅ የሚያሳድግ ሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ ይያዝ ቢባል የምመርጥለት ስለ ዶሮ እርባታ ወይም ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ አይደለም። የዴቪድ ወርነርን «ሐኪም በሌለበት» ነው።

ወርነር የሥነ ሕይወት ሰው እንጂ ሐኪም አይደለም። በምዕራብ ሜክሲኮ ተራሮች፣ አሆያ በምትባል መንደር አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ሲሠራ መጽሐፉን መጀመሪያ በስፓኒሽ አዘጋጀው፤ እንግሊዝኛው በ1977 እ.ኤ.አ. ወጣ።

እኔን የሚገርመኝ የመድኃኒት አሰጣጡ ነው። ማንበብ ለማይችል በሽተኛ መመሪያው በሥዕል ይሰጣል፦ የምትወጣ ፀሐይ፣ የቀትር ፀሐይ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ከዚያ ጨረቃ። ከየሥዕሉ ሥር የሚዋጠው ክኒን ይሣላል፤ ግማሽ ከሆነም ግማሹ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ቤት ውስጥ ስለሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ውሃ ሲያስረዳ ደግሞ፣ ስኳሩ ከመግባቱ በፊት ይቀመስ ይላል፤ ጨውነቱ ከእንባ መብለጥ የለበትም። ሚዛን በሌለበት ቤት ከዚህ የተሻለ መለኪያ ከየት ይመጣል? መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም ለሚሉትም (እኛም ሰፈር ሞልተዋል) ያለ በቂ ምክንያት መወጋት እንደሚጎዳ ፊት ለፊት ይነግራቸዋል።

አሮጌው እትም ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር፣ የመድኃኒቱን ክፍል ከአዲሱ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። አዘጋጆቹ ግን አይሰስቱም፤ ለትርፍ እስካልተሸጠ ድረስ ገጾቹን ማባዛትና ለአካባቢ እንዲስማሙ መለወጥ ይቻላል።