ጉልበቱ ስንት ቶን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ሁለት ጓደኞቼ ተጣሉ። ምክንያቱ ገንዘብ አይደለም፤ የሴት ጉዳይም አይደለም። አንደኛው «ሱፐርማን ሃልክን በአንድ ቡጢ ይዘርረዋል» ሲል፣ ሌላው «ሃልክ እኮ በተናደደ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፤ ወሰን የለውም!» ብሎ ተነሣበት። እስከ እኩለ ሌሊት ቁጥር እየጠቀሱ ተሟገቱ። በመጨረሻ ሦስተኛው ጓደኛችን ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሣና «ኧረ እናንተ ሰዎች አታፍሩም? ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ በልጆች ሥዕል ትጣላላችሁ?» ብሎ መብራቱን አጠፋው።

ይህች ጽሑፍ ጨለማ ውስጥ ሳልመልስለት ለቀረሁት ለሦስተኛው ጓደኛዬ መልስ ናት። ሁለቱን ተከራካሪዎችም ቢሆን ሳልወቅስ አላልፋቸውም።

ስለ እነዚህ ከሰው በላይ የሆኑ ጀግኖች የሚከራከር አንባቢ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ጉልበቱ ምን ያህል ነው? ምን ያህል ዱላ ይችላል? ትናንት የቻለውን ዛሬም ይችላል ወይ? ሦስተኛዋ ጥያቄ እኛ ክፍል ውስጥ «የገጸ ባሕርይ ወጥነት» እያልን ደብተር የምንሞላባት ናት። በልቦለድ ውስጥ ፈሪ ሆኖ የተሣለ ሰው ያለ አንዳች ምክንያት ደፋር ሆኖ ብናገኘው ደራሲውን እንወቅሳለን። ታዲያ ትናንት በጥይት የቆሰለ ጀግና ዛሬ ቦምብ ሲፈነዳበት ለምን አልተጫረም ብሎ የሚጠይቀውን አንባቢ ስለ ምን እንስቅበታለን?

ሱፐርማንን እንውሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1938 በ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ሲያወጡት ሱፐርማን አይበርም ነበር፤ ይዘላል እንጂ። ሃያ ፎቅ ይዘላል፣ ከፈጣን ባቡር ይቀድማል፣ ቆዳውን የሚበሳው የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ብቻ ነው። ጉንዳን ከራሷ ክብደት ብዙ እጥፍ እንደምትሸከም እየጠቀሱ ነገሩን ለአንባቢ አስረዱት። ይህ በደራሲና በአንባቢ መካከል የተገባ ውል ነው። ውሉ ግን አልቆየም። ጥቂት ቆይቶ ጀግናው በረረ፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹማ ፕላኔት እስከ መግፋት ደረሰ።

እንግዲህ ምንም የማይነካውን ሰው ማን ይጋጠመው? ግጭት ከሌለ ታሪክ የለም። ለዚህም ክሪፕቶናይት የተባለው ጉልበት የሚያሳጣ ድንጋይ መድኃኒት ሆነ፤ መጀመሪያ በ1943 በሬዲዮ ድራማው፣ በኋላም በመጽሔቱ ገባ። ከሶምሶን ጋር ስናስተያየው ግን ድካሙ ይገለጥልናል። ሶምሶንን የጣለው ጠጉሩ ብቻ አይደለም፤ ምስጢሩን ለደሊላ የነገረ ራሱ ነው፤ ውድቀቱ ከገዛ ልቡ ወጣ። ክሪፕቶናይት ግን ጸሐፊው ሲቸግረው ከኪሱ የሚያወጣው ጠጠር ነው። በ1971 ደራሲው ዴኒ ኦኒል ድንጋዩን አስወግዶ የጀግናውን ጉልበት ቀነሰ፤ ያም አልጸና። በ1986 ጆን በርን እንደገና ቀነሰው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ያረሙትን ስሕተት አንባቢ ቢያነሣ ልጅነት ነው ሊባል አይገባም።

አሁን ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች ልመለስ። የእነሱ ጥፋት መጠየቃቸው ሳይሆን መለኪያቸው ነው። ከ1982 ጀምሮ ማርቭል የተባለው አሳታሚ እገሌ ይህን ያህል ቶን ያነሣል እያለ የሚዘረዝር መዝገብ አውጥቷል፤ ስፓይደርማን ወደ 10 ቶን ግድም ተመድቦለታል። ጓደኞቼ ይህን እንደ ሕግ ይጠቅሱታል። ሁለት ታሪኮችን ላስተያይላቸው።

አንደኛው የ1966 ቀን የያዘው የስፓይደርማን ቁጥር 33 ነው፤ ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ። ጀግናው ከግዙፍ ማሽን ሥር ተቀብሯል፤ ከላይ ውኃ እየገባ ነው፤ ሆስፒታል ለተኛችው አክስቱ የሚሆነው መድኃኒት ከፊቱ ወድቋል፤ እጁ ግን አይደርስበትም። ይሞክራል፣ ያቅተዋል። ተስፋ ይቆርጣል፤ ከዚያ ላላዳነው አጎቱ ያስባል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሥዕሉ እየሰፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ማሽኑን ገልብጦ ሲነሣ አንባቢም አብሮት ይተነፍሳል። ማሽኑ ስንት ቶን ነው? እኔስ ምን ቸገረኝ! ስንት እንዳስከፈለው አይቻለሁ።

ሁለተኛው በ1985 በቁጥር 269 እና 270 የወጣው ነው። ተጋጣሚው ፋየርሎርድ በከዋክብት መካከል የሚበር፣ እሳት የሚተፋ፣ በሌሎች ታሪኮች ኃያላንን ያስጨነቀ ፍጡር ነው። ስፓይደርማን ይሸሻል፣ ወጥመድ ያጠምዳል፣ ሕንፃ ይንድበታል፤ ምንም አይበጅም። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ግሩም ነው፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። በመጨረሻ ግን ዞሮ በቡጢ እየደበደበ ይጥለዋል! ሕንፃ ያልጣለውን ቡጢ ጣለው። ይህን ታሪክ የሚወቅሱ አንባቢዎች ቶን ስለቆጠሩ ብቻ የተቆጡ አይመስለኝም፤ ደራሲው በገዛ ገጾቹ የገባውን ውል በገዛ ገጾቹ ስላፈረሰ ነው።

የጓደኞቼ ጥያቄም ቢሆን ተመልሷል። በ1996 ሁለቱ ተፎካካሪ አሳታሚዎች፣ ዲሲና ማርቭል፣ ጀግኖቻቸውን አጋጥመው የአምስቱን ግጥሚያ ውጤት ለአንባቢ ድምፅ ሰጡ። ሱፐርማን ሃልክን አሸነፈ፤ በድምፅ ብልጫ! ከአምስቱ አንዱ የዎልቨሪንና የሎቦ ነው፤ ሁለቱ ከመጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ይወድቃሉ፣ ድብድቡ አይታይም፣ ዎልቨሪን ብቻ ብቅ ይላል። ለምን እንዳሸነፈ ማሳየት የቸገረው ሥዕል ዝም ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ምርጫ ተወዳጁን ይነግረናል፤ ታሪክ ግን አይሆንም።

ወጥነቱ ለምን ይፈርሳል? ሥሩ እዚህ ነው። ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት በ1938 የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። በዓለም ላይ ኃይለኛ የተባለው ሰው የፈጣሪዎቹ መሆኑ በዚያ ቀን አበቃ። የዓመት አበል እንዲያገኙና ስማቸው ከሥራው ጋር እንዲጻፍ ስምምነት የተደረሰው ከብዙ ክስና አቤቱታ በኋላ በ1975 ነው። ከእነሱ በኋላ የመጣው ጸሐፊ ሁሉ ቅጥረኛ ነው፤ አንዱ ይገነባል፣ ሌላው ያፈርሳል። በ1992 ሱፐርማን ሞተ ተባለ፤ ሰዉ ተሰልፎ ገዛ፤ በ1993 ተመለሰ። ንብረት አይሞትማ! ጥይት የማይበሳው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ የንግድ ምልክቱም ነው። እዚህ ላይ የሚጎዳው ኀዘናችን ነው። ሞት ዋጋ ካጣ መሥዋዕትነት ዋጋ ያጣል፤ ያለ መሥዋዕትነት ደግሞ ጀግና ብለን የምንጠራው ነገር ጡንቻ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ተከራከሩ፤ አንባቢ ውሉን ካልጠበቀ ማን ይጠብቅለታል? ነገር ግን «ስንት ቶን አነሣ?» ከማለታችሁ በፊት «ለማንሣት ምን ከፈለ?» በሉ። አንተም ሦስተኛው ጓደኛዬ፣ ዛሬ ማታ መብራቱን ተውልን።