ቁጥር ያላቸው ኳሶች

ክሪስታል ሲቆረጥ ዳር የቀሩት አቶሞች የላይ ጎረቤታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ እንደ ውስጦቹ ተደርድረው አይቀሩም፤ ይጠጋሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ አንዳንዴም ጨርሶ አዲስ አሰላለፍ ይይዛሉ። ፊሊፕ ዋትሰን፣ ሚሼል ቫን ሆቭና ክላውስ ሄርማን ያዘጋጁት፣ የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በ1990ዎቹ ያሰራጨው ዳታቤዝ በልኬት የተረጋገጡ እንዲህ ያሉ ገጾችን ይሰበስባል፤ አቶሞቹንም በሚዞር የኳስ ሞዴል ያሳያል።

ለዓይን የሚማርክ ነገር የለውም፤ መልኩ የዚያው ዘመን ነው። የሚያስደንቀው ሥዕሉ ከቁጥር መነሣቱ ነው። እያንዳንዱ ኳስ የተቀመጠበት ልክ፣ የተለካበት ዘዴና ጥናቱን ያሳተሙት ሰዎች ተመዝግበዋል። በአሉሚኒየም (110) ገጽ ላይ (ቁጥሮቹ ክሪስታሉ የተቆረጠበትን አቅጣጫ ያመለክታሉ) የመጀመሪያው ንብርብር ወደ ሁለተኛው 8 በመቶ ያህል ይጠጋል፤ ይህም የናኖሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ነው። በግምት የሚስል ሰው ይህን አይጨነቅበትም። እዚህ ግን ሞዴሉን በጎን ያዞረ ሰው ክፍተቱ መጥበቡን ያያል።

የገጽ ጥናት ሙያ ፈተና ሲሊከን (111) ነው። ሽሊየርና ፋርንስወርዝ በ1959 በኤሌክትሮን ጨረር ሲመረምሩት ሰባት በሰባት የሆነ ድግግሞሽ አገኙ፤ አቶሞቹ የት የት እንደተቀመጡ ለማወቅ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ቢኒግና ሮረር በ1983 በአዲሱ ማይክሮስኮፓቸው 12 ጉብታዎችን አሳዩ፤ ታካያናጊና ባልደረቦቹ በ1985 ሙሉውን አቀማመጥ ፈቱ። በአንዱ አሃድ ላይ 12 ተደራቢ አቶሞች፣ ከሥራቸው 9 ጥንዶች፣ ማዕዘኑ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ፤ የአሃዱ ግማሽ ደግሞ አደራደሩ ዞሮበታል። ወረቀት ላይ ይህ የክብ ክምር ነው። ሞዴሉ ዘንበል ሲል ግን የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደሆነ ይለያል፤ ጉድጓዱም ጉድጓድ ይመስላል።

ሄርማን በሠራበት በበርሊኑ ፍሪትዝ ሃበር ኢንስቲትዩት የተሠራ ሌላ ፕሮግራም፣ ሰርፌስ ኤክስፕሎረር፣ ሦስት ቁጥር ሲሰጡት ክሪስታሉን በዚያ አቅጣጫ ቆርጦ ያሳያል። እንጨት በቃጫው ሲሰነጠቅና አግድም ሲቆረጥ ገጹ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ብረትም በ(110) ጥቅጥቅ ያለ፣ በ(111) ክፍት ነው። ልዩነቱ የሥዕል ብቻ አይደለም። ሶሞርጃይና ባልደረቦቹ በ1982 እንዳሳዩት፣ (111) ገጽ ከ(110) ከ400 ጊዜ በላይ ፈጥኖ አሞኒያ ይሠራል፤ ሰባት ጎረቤት ያላቸው የታችኛው ንብርብር አቶሞች ለናይትሮጅን ተጋልጠዋልና። የሱዳኗ ገዚራ ስንዴም ሆነ የጎጃም ጤፍ የሚያገኘው ዩሪያ ከዚሁ ከአሞኒያ ነው የሚሠራው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ኳሶቹ ዝም ብለው ቆመዋል፤ በአሞኒያ ፋብሪካ ማሞቂያ ውስጥ ግን በ400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይንቀጠቀጣሉ። ገጾቹ በአብዛኛው የተለኩት በቫኪዩም ውስጥ፣ በጸዳ ክሪስታል ላይ ነው። የመለኪያው ዘዴ ከሥዕሉ ጋር መመዝገቡም ይህን ሳያውቁ እንዳያልፉ ይረዳል።