ማልቫ ሶሱን ሲጠጣ

ማልቫ ፑዲንግ ከኦቭን ሲወጣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ሌላ ኬክ የጋገረ ሰው ትሪውን አውጥቶ፣ እስኪበርድ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። ማልቫ የጋገረ ሰው ግን እጁን የሚያፈጥነው ያኔ ነው። ከጎኑ ድስት ውስጥ የሞቀ ሶስ ይጠብቀዋል፤ ክሬም፣ የገበታ ቅቤ፣ ስኳርና ትንሽ ውሃ፣ ቫኒላ ጠብ የተደረገበት። ይህን ሶስ ትኩሱ ኬክ ላይ ያፈስበታል፤ ኬኩም ይጠጣዋል። ሶሱ የማልቫ ጌጥ አይደለም። ኬኩ ራሱ እንቁላሉ ከሚመታበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ሶስ እንዲቀበል ሆኖ መሠራት አለበት። በሥራዬ ሁሉ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ማልቫ የደቡብ አፍሪካ፣ ይልቁንም የኬፕ ምድር ጣፋጭ ነው። እዚያም ክረምቱ እንደ እኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡም የሚጥለው ያኔ ነው። እሑድ የበግ ጥብሱ ተበልቶ ሳህኑ ሲነሳ፣ ማልቫ በተጋገረበት ዕቃ እንዳለ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል፤ ካስተርድ ወይም አይስክሬም ይከተለዋል። በሠርግ አዳራሽ አለ፣ በሱፐርማርኬት ፍሪጅ ውስጥም አለ። በምግብ ቤት ደረጃ ስሙን ያገነነው እ.ኤ.አ. በ1685 የተመሠረተው የቦሽንዳል የወይን እርሻ ነው፤ ማጊ ፔፕለር የተባሉ ሴት አሠራራቸውን ለእርሻው ምግብ ቤት ካስተማሩ ወዲህ የየምግብ ቤቱ ሜኑ ላይ መግባት ጀመረ ይባላል። እኔ ግን የተማርኩት ከምግብ ቤት አይደለም። አዲስ አበባ ኬክ ቤት ውስጥ ስፖንጅ መጋገር፣ ሽሮፕ ማጠጣትና ክሬም መቀባት ለምጄ ነው ወደ ኬፕ የሄድኩት። ማልቫን ያሳዩኝ ኬፕ ታውን ውስጥ አትሎን የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ “አንቲ” የሚላቸው እናት ናቸው። ሚዛን የሚባል ነገር አያወጡም። “ልጄ፣ ኬኩን ተዪው፣ ድስቱን እዪ፤ ቀድሞ መሞቅ ያለበት እሱ ነው” ይሉኝ ነበር።

ማልቫ ውስጥ በትንሽ መጠን ከሚገቡት አንዱ የአፕሪኮት ማርማላታ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ። የኬፕ እጅ ያለበት ግን እዚያው ላይ ነው። ክላይን ካሩ በሚባለው ደረቅ አገር፣ በሞንታጉና በባሪዴል አካባቢ አፕሪኮት በሰፊው ይለማል። ቡሊዳ የሚባለው ዝርያ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይለቀምና ገሚሱ ይደርቃል፣ ገሚሱ በቆርቆሮ ይታሸጋል፣ ገሚሱ ማርማላታ ይሆናል። የኬፕ ሰው ይህን ማርማላታ ለዳቦ ብቻ አይገዛውም። ሶሳቲ የሚሉትን በእንጨት የተሰካ ሥጋ ይዘፈዝፍበታል፣ ቦቦቲ የሚሉትን የተፈጨ ሥጋ ያጣፍጥበታል። ጣፋጩንና ኮምጣጣውን እንዲህ አንድ ድስት ውስጥ የማዋሐዱ ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1652 ኬፕ ላይ የመርከብ ስንቅ ጣቢያ ካቆመ በኋላ፣ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች፣ ከሕንድ፣ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት የመጡ ሰዎች ነበሩ በየቤቱ ማድቤት የሚሠሩት። የዚያን አገር ምላስ ያሠለጠኑት እነሱ ናቸው፤ የአብዛኞቹን ስም ግን ዛሬ የሚያነሳው የለም። አንድ ማንኪያ ማርማላታ ስጨምር ይህን አስባለሁ።

ማርማላታው በሥራውም አስፈላጊ ነው። ሲቀመስ “አፕሪኮት አለው” አያሰኝም፤ የስኳሩን ጣፋጭነት ከሥር የሚይዝ ቀጭን ኮምጣጣ ይሰጣል። ቀለሙን ያጠቁራል፣ ርጥበት ይይዛል። ደግሞም አሲድ ስላለው ከአቼቶው ጋር ሆኖ ሶዳውን ያነቃዋል። ማልቫ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር አላስገባም። የምጠቀመው ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ነው፤ እያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ። ሁለቱ ሲገናኙ ጋዙ ወዲያው ይፈላል፤ የሚጠብቀው ሰዓት የለውም። ስለዚህ ኦቭኑ ቀድሞ 180 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ የመጋገሪያው ዕቃም ቅቤ ተቀብቶ መጠበቅ አለበት። ቡኮው ዕቃው ውስጥ ገብቶ ስልክ ማንሳት የለም። ሶዳው ከአሲዱ ስለሚበልጥ ሁሉም በአሲዱ አይሰበርም። ማልቫ ያን ጠቆር ያለ ቡናማ መልኩን የሚያገኘው በከፊል ከዚህ ነው። ማንኪያው ከመሙላት አልፎ ከተከመረ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ያን ጣዕም ምንም ክሬም አይሸፍነውም።

የምፈልገው ዓይን ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ሳላስረዳው ይገባዋል፦ ዓይኑ ያልወጣ እንጀራ ወጡ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባበትም። ማልቫም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ኬክ ቤት ሳለሁ ያሞገሱኝ የነበረው ስፖንጄ ደቃቅና እኩል በመሆኑ ነበር፤ በቢላ ሲቆረጥ ፍርፋሪ የማይጥል። ለማልቫ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ገርበብ ያለ፣ ቀዳዳው እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ትንሽ ሻካራ ስፖንጅ።

ለዚህ ደግሞ ሥራው የሚጀመረው እንቁላሉ ላይ ነው። ሁለት እንቁላልና 200 ግራም ስኳር በሚክሰር እመታለሁ፤ ቢጫው ገርጥቶ ወደ ነጭ እስኪጠጋ፣ መምቻውን ሳነሳ የሚወርደው ክር ላዩ ላይ ለአፍታ ቆይቶ እስኪሰምጥ ድረስ። ከዚያ ማርማላታው። ዱቄቱ 150 ግራም ፉርኖ ነው፤ ከሶዳውና ከጨው ቁንጥር ጋር ይነፋል። በሌላ ዕቃ 30 ግራም ቅቤ አቅልጬ 100 ሚሊ ሊትር ወተትና አቼቶውን እጨምርበታለሁ፤ ወተቱ ትንሽ ይቋጥራል፣ አያስደነግጥም። ዱቄቱንና ወተቱን በየተራ አስገብቼ፣ ዱቄቱ እንደጠፋ እጄን አነሳለሁ። ከዚያ በላይ ማማሰል የዱቄቱን ግሉተን ያጠነክረዋል፤ የጠነከረ ቡኮ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይጋገራል። ቡኮው ቀጭን ነው። የለመዳችሁትን የኬክ ቡኮ አስባችሁ ዱቄት እንዳትጨምሩበት። ስኳሩም ብዙ ነው፤ ለዱቄቱ ክብደት ከሚገባው በላይ። ይህ ለጣፋጭነት ብቻ አይደለም፤ ስኳር እንቁላሉ የሚረጋበትንና ስታርቹ የሚያብጥበትን ጊዜ ያዘገያል፣ ጋዙም ግድግዳው ሳይጠነክር በፊት ቀዳዳውን ለማስፋት ጊዜ ያገኛል።

ጋገራው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ስቴኪኒ መሐሉ ተሰክቶ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ብዙ ሰው ያወጣዋል፤ እኔ ትንሽ ጨምሬ አቆየዋለሁ። ጫፍ ጫፉ ከዕቃው መላቀቅ ሲጀምር፣ በጣት ሲነካ ተመልሶ ብድግ ሲል። ለብቻው ቢበላ “ደርቋል” የሚባልበት ደረጃ ነው ትክክለኛው። ያልበሰለ መሐል ሶስ ሲጨመርበት ይላቁጣል፣ ማንኪያም አይነሳም፤ በሰል ያለው ግን የሰጡትን ይቀበላል።

ሶሱ ድስት ውስጥ የሚገባው ኬኩ ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። 200 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳርና 80 ሚሊ ሊትር ውሃ። በመለስተኛ እሳት ስኳሩ እስኪሟሟና ቅቤው እስኪቀልጥ፤ ጠርዙ ላይ መንተክተክ ሲጀምር አወርደዋለሁ፣ ቫኒላውን የምጨምረው ከወረደ በኋላ ነው። እንዲንፈቀፈቅ ከተተወ ውሃው ይተናል፣ ሶሱ ወደ ካራሜል ይጠጋል፣ ይወፍራል። ወፍራም ሶስ ደግሞ ከላይ ተኝቶ ይቀራል። ሲያዩት “ቀጥኗል፣ ይጎድለዋል” የሚያሰኝ ሶስ ነው ገብቶ የሚሠራው።

አሁን ኬኩ ወጥቷል። በስቴኪኒ ወይም በቀጭን ብረት ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ታች ድረስ እወጋዋለሁ። የመጀመሪያውን ጭልፋ መሐሉ ላይ አላፈስም፤ መሐሉ ለስላሳ ስለሆነ ሁሉንም ለብቻው ይጠጣና ዳሩ ይቀርበታል። ከጥግ ወደ ጥግ ዞሬ ነው የምጀምረው። ትኩስ ሶስ ትኩስ ዕቃ ሲነካ ጠርዙ ላይ ችስ ይላል፣ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። ጭልፋው ወርዶ ሳያበቃ ላዩ ተመልሶ ይደርቃል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሶሱ ቆም ይላል፣ ላዩ ያብረቀርቃል፤ እዚህ ጋ ነው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ፈርቶ ድስቱን የሚያስቀምጠው። በሶስ የተጥለቀለቀ ኬክ ይመስላልና አይፈረድበትም። እኔ ሁለት ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ሶሱ ከዳር በኩል ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል፣ ኬኩም ሲያብጥ በዓይን ይታያል። ያኔ የቀረውን ጠብታ ሳላስቀር እጨርሰዋለሁ።

ሁለቱም ትኩስ መሆን ያለባቸው በምክንያት ነው። ትኩስ ኬክ ቀዳዳው ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው። እየበረደ ሲሄድ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለሳል፣ ቦታው ይለቀቃል፣ ሶሱም ወደዚያ ይሳባል። የበረደ ኬክ ይህን ትንፋሽ ጨርሶታል፤ ቀዳዳው ውስጥ ተራ አየር ሞልቷል። የበረደ ሶስም ቅቤው መርጋት ስለሚጀምር ቀዳዳውን ይደፍናል። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ቢሆን ግማሽ ይሠራል ሲባል እሰማለሁ፤ በእኔ እጅ ግን ግማሽ ሆኖ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ከታች ደረቅ ንጣፍ ይቀራል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት መቆየት አለበት። በማግስቱ በፎይል ተሸፍኖ በ150 ዲግሪ ሲሞቅ ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም።

ዐቢይ ጾም የሚገባደደው ኬፕ ላይ ሙቀቱ እየበረደ የማልቫ ትእዛዝ በሚጀምርበት ወቅት ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ክሬም፤ ማልቫ ከላይ እስከ ታች ፍስክ ነው። ስለዚህ 55 ቀን ሙሉ ሳልቀምስ ነው የምሠራው። ጨውን ብቻ ለባልደረባዬ አስቀምሳለሁ፤ የቀረውን በዓይንና በጆሮ እይዘዋለሁ። የሶሱን ውፍረት የማንኪያው ጀርባ ይነግረኛል፦ ጀርባው ላይ ስስ ሆኖ ቶሎ ከወረደ ደርሷል። የኬኩን ጥማት ደግሞ ችስታው ይነግረኛል፤ ድምፁ አጭር ከሆነና ሶሱ ወዲያው ላዩ ላይ ከተኛ፣ ወይ ኬኩ ቆይቷል ወይ ሶሱ በርዷል። የፋሲካ ዕለት ስቀምሰው ብዙ ጊዜ ያሰብኩትን ነው የማገኘው። ምላስ ሥራ ሲፈታ ሌላው የስሜት ሕዋስ ምን ያህል እንደሚበረታ ያየሁት በዚህ ነው።

በአንድ ሆቴል ስሠራ ማልቫን በክብ ቅርጽ ቆርጠን፣ ትልቅ ነጭ ሳህን ላይ ለብቻው አስቀምጠን፣ ሶሱን ከጎኑ በቀጭን መስመር እንድንስል ታዘን ነበር። ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ሳህኑ ላይ ያለው ደረቅ ኬክና ጣፋጭ ክሬም ነው፤ ማልቫ አይደለም። ለመጠጣት የተሠራን ስፖንጅ አስጠምቶ ማቅረብ ሥራውን አለማክበር ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ፣ ዛሬም እከራከራለሁ። መቆረጥ ካለበት፣ ሶሱን ጠጥቶ ካረፈ በኋላ ይቆረጥ። ከላይ ካስተርድ ሲጨመር ደግሞ ቀጠን ያለና ስኳሩ የቀነሰ ይሁን፤ ጣፋጩ ከሥር አለ። የጥጉ ቁራሽ፣ ሁለት ጎኑ ተጠብሶ በሶስ የተለበጠው፣ ለምወደው ሰው የምሰጠው ነው።

አንድ ነገር ለአዲስ አበባና ለጆሃንስበርግ ሰዎች ልናገር፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ በሚባለው አካባቢ የሚሠሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህን ነውና። ከላይ የሰጠሁት መጠን ለባሕር ጠረፍ ነው። ጆሃንስበርግ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጋዙ በጣም ይሰፋል፤ ቡኮው ግድግዳው ሳይጠነክር ይነሳና መሐሉ ይሰምጣል። ጆሃንስበርግ ላይ ሶዳውን በሩብ ቀንሱ። አዲስ አበባ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከኬኩም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይነሳ፣ ኦቭኑ 190 ይሁን። የአፕሪኮት ማርማላታ ከታጣ የብርቱካን ይሁን፤ የእንጆሪ ግን ቀለሙን ያበላሸዋል። ሶሱ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ጣሉበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሶሱ ቶሎ ይንተከተካል፣ እሳቱ ላይ ከቆየም ውሃው ቶሎ ያልቃል። ድስቱን ክደኑት፣ ስኳሩ እንደሟሟ አውርዱት፣ ኬኩ እስኪወጣ ከወፈረ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት።