በትክክለኛው አቅጣጫ የተቆረጠ

ዲኤንቲ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ማንነቱን የሚገልጠው ለጥሩ እጅ ነው። ሙሉ ስሙ ዲስኤምብሪዮፕላስቲክ ኒውሮኤፒቴሊያል ቲዩመር ሲሆን፣ የሚገኘው በልጆችና በወጣቶች የአንጎል ቅርፊት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ በላይ ባለው ቴምፖራል ሎብ ነው። ምልክቱም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ በመድኃኒት አልገታ ያለ የሚጥል በሽታ። ልጁ ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ይጫወታል፤ ሕመሙ ግን እየተመላለሰ ይነሳበታል።

እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪሱ ሳንት-አን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፓቶሎጂስት ካትሪን ዶማ-ዱፖር፣ ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የ39 ሕሙማንን ናሙና መርምረው ይህን ዕጢ ራሱን የቻለ በሽታ ብለው ለዩት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ናሙና ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ወይም ሌላ የግሊያ (የነርቭ ሕዋሳት ደጋፊ ሕዋሳት) ዕጢ ይባል ነበር። በዚያ ስም የተነሳም ክፉ ዕጢ ነው ተብሎ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ የልጅ አንጎል ለጨረር ይዳረግ ነበር።

ይህን ሥራ የማደንቀው እንደ ጥሩ የእጅ ሥራ ነው። ጥንቃቄው የሚጀምረው ከቀዶ ሐኪሙ ነው። ዕጢው ውስጡ ልጋግ በሚመስል፣ ሚውሲን በተባለ ፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ፣ በመምጠጫ ተፈጭቶ ከወጣ ፈሳሹ ይጠፋል፤ የውስጡ አሠራርም ይፈርሳል። ሳይበጣጠስ ከወጣ ደግሞ ተራው የላቦራቶሪ ባለሙያው ነው። ናሙናው በፎርማሊን ከመበስበስ ይጠበቃል፤ ውሃው በአልኮል ተመጥጦ ይወጣለታል፤ ከዚያም በቀለጠ ፓራፊን ውስጥ ይቀበራል። ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ቁራጩ በየትኛው ጎኑ ይቀመጥ? የአንጎሉ ውጫዊ ገጽና ከሥሩ ያለው ነጭ ክፍል በአንድ ቁራጭ ላይ አብረው እንዲታዩ በጠርዙ መቆም አለበት። ይህን የሚያደርገው ሰው ስሙ በየትኛውም መጽሔት ላይ አይወጣም፤ የምርመራው ዕጣ ግን በጣቶቹ ላይ ነው። ማይክሮቶም የተባለው መቁረጫ አራት ወይም አምስት ማይክሮን ውፍረት ያለው ቁራጭ ይገፍፋል። ያ ስስ ነገር ሞቅ ባለ ውሃ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳይጨማደድ በመስታወት ይነሳል። ሄማቶክሲሊን የተባለው ቀለም የሕዋሱን ኒውክሊየስ ሰማያዊ፣ ኢዮሲን የተባለው የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል።

በዚህ አቅጣጫ የተቆረጠ ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከአንጎሉ ገጽ ቁልቁል የሚወርዱ ዓምዶች ብቅ ይላሉ፤ ሸማኔ እንደወጠረው ድር ቀጥ ቀጥ ብለው። ዓምዱ የአክሰኖች፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሳት ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው፤ ጎንና ጎኑን ትንንሽ ክብ ሕዋሳት ተሰልፈውበታል። በዓምዶቹ መካከል ሚውሲኑ አለ። በሚውሲኑ ውስጥ ደግሞ ጤናማ የሚመስል፣ የበሰለ ነርቭ ሕዋስ ብቻውን ተንሳፍፎ ይታያል። ያው ናሙና በአግድም ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ የዓምዶቹ ቁመት አይታይም ነበር፤ ዕጢው እዚያው መስታወቱ ላይ እያለ ማንነቱ ይሰወር ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ያ ብቸኛ ነርቭ ሕዋስ ነው። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ወደ አንጎል ቅርፊት ሰርጎ ሲገባ፣ የዕጢው ሕዋሳት ነርቭ ሕዋሱን ከበው ይገኛሉ። በዲኤንቲ ግን ዙሪያው ባዶ ነው። ትንንሾቹ ክብ ሕዋሳት በሁለቱም ዕጢዎች እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ እነሱ ላይ ብቻ ያፈጠጠ ሰው ሊሳሳት ይችላል። የበሰለ ፓቶሎጂስት በአነስተኛው ሌንስ ይጀምራል፤ ሰፊውን ሥዕል ያያል፤ በሕዋሱ ዙሪያ ምን እንደሌለም ልብ ይላል።

ዶማ-ዱፖር ያነበቡት መስታወቱን ብቻ አይደለም። ስላይዱን ከሕመምተኛው ታሪክና ከአንጎሉ ምስል ጋር አያይዘው መዘኑት። ሕመሙ የጀመረው በለጋ ዕድሜ ነው ወይ? ዕጢው ቅርፊቱ ውስጥ ነው ወይ? በዙሪያው ያለውን አንጎል ይገፋል? በአንዳንድ ሕሙማን ከዕጢው በላይ ያለው የራስ ቅል አጥንት በውስጥ በኩል ተሸርሽሮ ይገኛል፤ ይህም ዕጢው ሳይቸኩል ለዓመታት እዚያው እንደኖረ ይመሰክራል።

ክትትሉም ፍርዳቸውን አጸናው። ዕጢያቸው በከፊል ብቻ የወጣላቸው ሕሙማን እንኳ ለዓመታት ሲታዩ አላገረሸባቸውም፤ ጨረር የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ያገኙት ነገር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ዲኤንቲን በአንጎል ዕጢዎች ምደባው ውስጥ አካተተው፤ ደረጃው 1፣ ማለትም ዝቅተኛው ነው። በኋላ የመጣው የጂን ምርመራም ዲኤንቲና ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የተለያዩ መሆናቸውን አረጋግጧል፤ በብዙ ዲኤንቲዎች የኤፍጂኤፍአር1 ጂን ለውጥ ሲገኝ፣ በኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የሚገኘው የአይዲኤች ጂን ለውጥ ነው። አልፎ አልፎ ያገረሸበትና ወደ ክፉ የተለወጠበት ጊዜ ስላለ ግን ክትትል አይቋረጥም።

ልጅዎ በሚጥል በሽታ ምክንያት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆነ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀብለው ያስቀምጡ። ናሙናው ያለበት የፓራፊን ብሎክ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ እንደገና ሊቆረጥና በሌላ ፓቶሎጂስት ሊነበብ ይችላል። ጨረር ይሰጠው ከተባለ፣ ከመጀመሩ በፊት ብሎኩ ዳግም እንዲታይ ይጠይቁ።