ገበታ ላይ የተዘራ ጥላቻ፦ «አሜሪካን ሂስትሪ ኤክስ»ን እንደገና ስናየው



«አሜሪካን ሂስትሪ ኤክስ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ብዙ አነጋግሮ ነበር። ዛሬም ጎረምሶቻችን ያዩታል። ወላጆች ግን ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚጻፈው ትርጉም ዕብራይስጥ ስለሚሆንባቸው ጩኸትና ደም ብቻ ይመስላቸውና ትተውት ወደ ማድ ቤት ይሄዳሉ። በበኩሌ በማኅበራዊ ሥራዬ ከወላጆችና ከወጣቶች ጋር ስለምውል በቅርቡ እንደገና ተቀምጬ አየሁት።

ታሪኩ የሚፈጸመው በሎስ አንጀለስ፣ ቬኒስ ቢች በተባለው ሰፈር ነው። የዴሪክ አባት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። አደንዛዥ ዕፅ በሚሸጥበት ቤት የተነሣ እሳት ሊያጠፋ ሄዶ በጥይት ተገደለ። ልጁ ኀዘኑን የሚያወርድበት አጥቶ ራሱን ይላጫል፤ ደረቱ ላይ የናዚ ምልክት ይነቀሳል፤ ነጭ ከሁሉ ይበልጣል የሚሉ ወጣቶች መሪ ይሆናል። መኪናውን ሊሰርቁ የመጡ ጥቁር ወጣቶችን ገድሎ ሦስት ዓመት ይታሰራል። ሲፈታ ልቡ ተለውጧል፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድሙን ዳኒን ራሱን ተላጭቶ የእሱን ዱካ ሲከተል ያገኘዋል። ያለፈው ዘመን በጥቁርና ነጭ፣ የአሁኑ በቀለም ስለተነሣ ታሪኩን ለመከተል አይከብድም።

የወጣቶቹን አእምሮ የሚያጥበው ሰው ካሜሩን ይባላል፤ ዕድሜው የአባታቸው ያህል ነው። ማንንም በዱላ አያስገድድም። በሌሎች ቡድኖች የተደበደቡ፣ የሚያዳምጣቸው ያጡ ልጆችን እየፈለገ ሙዚቃና መጠጥ ያቀርብላቸዋል፤ ወንድሞች አላችሁ ይላቸዋል። ጥላቻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሥራዬ የማየውም ይህንኑ ነው። ልጁ መጀመሪያ የሚያገኘው የሚቀበለውን ሰው ነው፤ የሰውየውን አሳብ የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ልጆቹ የአንድ ኮሪያዊ ሱቅ ሊሰባብሩ ሲዘጋጁ ዴሪክ ሰብስቧቸው የሚያደርገው ንግግር ስለ ስደተኞች ነው። ሥራችንን ወሰዱ፣ ገንዘባችንን በሉ እያለ ቁጥር በቁጥር ላይ ይደረድራል። ይህን ንግግር በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ያልሰማ አዲስ ገቢ ካለ ዕድለኛ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ጊዜ ያየሁት የገበታውን ትዕይንት ነው። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ገበታ አለ። አንደኛው የራት ሲሆን፣ እናትዬዋ መሪ የተባለውን አይሁዳዊ መምህር ጋብዛዋለች። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1991 ፖሊሶች ስለደበደቡት ስለ ሮድኒ ኪንግና በ1992 ሎስ አንጀለስ ስለተነሣው ብጥብጥ ነው። ዴሪክ እኅቱን አንቆ ምግብ በአፏ ይጎሰጉሳል፤ እንግዳውን በአይሁድነቱ ሰድቦ ያባርራል። እኛ ያን ጊዜ በዚያ ቤት ብንገኝ ኖሮ በቆዳችንም በሃይማኖታችንም፣ ሁለት ጊዜ በተጠላን ነበር!

ሁለተኛው ገበታ ወደ መጨረሻው ይመጣል፤ ማንም አይጮኽበትም። አባትዬው በሕይወት አለ፤ ዴሪክም ገና ተማሪ ነው። ዶክተር ስዊኒ የተባለውን ጥቁር መምህሩን እያደነቀ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ሪቻርድ ራይት የጻፈውን ልብ ወለድ እንዲያነቡ እንዳዘዛቸው ይናገራል። አባቱ ይህን ሁሉ አትመን ይለዋል። በመሥሪያ ቤቴ በፈተና የበለጡ ነጮች እያሉ ሁለት ጥቁሮች ተቀጠሩ ብሎ ያማርራል። የሚናገረው በፍቅር ነው፤ ልጁም አባቱን ስለሚወድ ራሱን ይነቀንቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ካሜሩን ኋላ የዘራው በዚህ በታረሰ መሬት ላይ ነው። ፊልሙ ሌላ ምንም ባይኖረው ለዚህ ትዕይንት ብቻ መታየት ይገባው ነበር።

የለውጡም መንገድ በደንብ ታስቦበታል። እስር ቤት ውስጥ ዴሪክን ማንም በክርክር አይረታውም። የገዛ ወገኖቹ ከሌላው ዘር ጋር ዕፅ ሲነግዱ ያያል፤ ሲቃወማቸው ክፉ ያደርጉበታል። በልብስ ማጠቢያው ግን ላሞንት ከተባለ ጥቁር እስረኛ ጋር አንሶላ ሲያጥፍ ይውላል፤ ላሞንት ያሾፍበታል፤ ቀስ በቀስ መሳቅ ይጀምራል።

ሆኖም ቅር ያሰኘኝን ሳልናገር አላልፍም። ካሜራው ዴሪክን ከመጠን በላይ ይወድደዋል። ሲያዝ ቀስ ባለ ምስል፣ በመዘምራን ድምፅ ታጅቦ እንደ ጀግና ይታያል። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ከዚህ የሚወስደው ጡንቻውን እንዳይሆን እሰጋለሁ። የተገደሉት ወጣቶች ማን እንደነበሩ፣ እናቶቻቸው እንዴት እንዳለቀሱ አንድ ቃል አንሰማም። ላሞንትም ቢሆን የተፈጠረው ለዴሪክ ፈውስ ብቻ ይመስላል። ዲሬክተሩ ቶኒ ኬይ ለንደን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በፊልሙ አቆራረጥ ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ ስሜን አውጡልኝ ብሎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። የእሱ ቅጂ እነዚህን ያርም እንደሆነ መናገር አይቻልም። ኤድዋርድ ኖርተን ግን በዴሪክነቱ ለኦስካር መታጨቱ ይገባዋል።

መጨረሻው ላይ ዳኒ ራሱ ቀደም ሲል በተጋጨው ጥቁር ተማሪ ጥይት ትምህርት ቤት ውስጥ ይገደላል። ከዚያ ስለ ወንድሙ የጻፈው ጽሑፍ በድምፁ ይነበባል፤ የሚዘጋውም ከአብርሃም ሊንከን በተዋሰው ቃል ነው። እኔ ግን ዴሪክ ወንድሙን አቅፎ ራሱን ሲወቅስ ፊልሙ እዚያው ቢቆም እመርጥ ነበር።

ግድያና መደፈር የሚታይበት ስለሆነ ለሕፃናት አይሆንም። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ካላችሁ ግን አብራችሁት እዩት፤ ዕብራይስጡንም እያቆመ ይተርጉምላችሁ። የአባትየው ገበታ ላይ ሲደርስ ሰውየው ምን አለ ብላችሁ ጠይቁት።