የቶሪኖው ፊደልና የእኛ «ሌሊት»

ዩሮስታይል የሚባለውን ፎንት በስሙ የማያውቅ ወጣት እንኳ በመልኩ ያውቀዋል። ሰፊ፣ ወፍራምና ባለ አራት ማዕዘን ነው። የላቲኑ ኦ በእርሱ ሲጻፍ ክብ አይሆንም፤ ጠርዞቹ ብቻ ለስለስ ያሉ፣ የድሮ ቴሌቪዥን መስተዋት የመሰለ ሳጥን ነው።

የተወለደው በጣሊያን አገር፣ በቶሪኖ ነው፤ በከተሞቻችን ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆነው ያገለገሉትን ሴይቼንቶዎች በሠራው በፊያት ከተማ። ነቢዮሎ የተባለው የማተሚያ ፊደል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 አሌሳንድሮ ቡቲና አልዶ ኖቫሬዜ የነደፉትን ማይክሮግራማ አወጣ። እርሱ ትልልቆቹን ፊደላት ብቻ የያዘ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ኖቫሬዜ ትንንሾቹን ጨምሮ ዩሮስታይልን ሠራ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ባወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ይህ የፊደል ቤተሰብ በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የመጪው ዘመን ልብስ ሆኖ ቀረ። (ዛሬ «ዘመናዊ» ብለን የምንመርጠው አያቶቻችን በወጣትነታቸው የገመቱትን ነገ ነው።)

እንደ እኔ አስተያየት ዩሮስታይል የሚያምረው ጥቂት ሲናገር ነው፤ ሁለት ቃል፣ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የአንድ ቡድን ስም። ሙሉ አንቀጽ ከሰጡት ሁሉም ፊደል አንድ ዓይነት ሳጥን ስለሚለብስ ዓይን ይደክማል።

ነገሩ የሚብሰው ይህንን መልክ ወደ ግእዝ ፊደል ስናመጣው ነው። የኮንፈረንስ ፖስተርና ቲሸርት የሚያዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች የአማርኛውን ጽሑፍ እንዲሁ ወፍራምና ባለ ማዕዘን አድርገው ይስሉታል። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ሥራቸውም ከሩቅ ዓይን ይስባል። ነገር ግን የላቲን ፊደል በአብዛኛው የሚለየው በሙሉ አካሉ ነው። የእኛ ደግሞ በእግሩ ወይም በወገቡ ላይ ባለች ትንሽ ቅጥያ ይለያል። «ሌሊት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሌን ከሊ የሚለያት እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ናት፤ ሊ ያላት ጭረት ብቻ ነው። ብዕሩ ሲወፍር የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ማዕዘን ሲወጣላት ደግሞ ከጭረቱ አትለይም። በዚሁ መንገድ «ቤት» «ቢት» ይሆናል። ወ እና ፀም በሳጥን ውስጥ ሲገቡ የሚለያቸው የመካከሏ መስመር ቆማ ወይም ተጋድማ መሆኗ ብቻ ነው።

አዋቂ አንባቢ «ሌሊት»ን ከዙሪያው ቃላት ገምቶ ያልፋል። ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ፣ ወይም በጉልምስናው ማንበብ የጀመረ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። የማያውቁት ሰፈር ስም ሲሆን ደግሞ ማንም በግምት አያነበውም።

ስለዚህ ስትስሉ ከቀለበቷ ቀዳዳ ጀምሩ፤ የቀረውን ውፍረት እርሷ ትወስን። የጉባኤውን ርእስና ዓመቱን በጠንካራው ፊደል፣ ቦታውንና ሰዓቱን በተለመደው ጻፉ። ፖስተሩ ከመታተሙ በፊትም ለአንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።