ሰሌዳው ሌላ፣ አፋችን ሌላ

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅጽ ስሞላ «የመንገዱ ስም» ከሚል መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ተወልጄ ባደግሁባት ከተማ በየቀኑ የምረግጠውን መንገድ ስም አላውቀውም። አፍሬ ወጣሁና ፈለግሁ። ከማዕዘኑ ምሰሶ ላይ የአንዲት አፍሪካዊት አገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሰሌዳው ሥር ሱቅ የከፈተውን ጎረቤቴን «ይኼ መንገድ ማን ይባላል?» አልሁት። «ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ ያለው ነዋ!» አለኝ፤ ምን ነካህ በሚል ዐይን እያየኝ። እኔም ተመልሼ ቅጹ ላይ የሠፈሬን ስም ጻፍሁ።

የአዲስ አበባ ጎዳናዎች የስም ለውጥ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የመንግሥታት ታሪክ ሆኖ ነው። ንጉሡ ሰየሙ፣ ደርግ ፋቀ፣ ኢሕአዴግ መለሰ ይባላል። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። በበኩሌ የማምንበት ሌላ ነው። በዚህች ከተማ የሰሌዳ ለውጥ አንድን የሕዝብ ስም ገድሎ አያውቅም። ስም የሚሞተው ጠሪው ሲበተን ነው። ይህን ካልተረዳን የምንጣላው ከሰሌዳው ጋር ብቻ ይሆናል፤ ዋናው ነገር ግን በሌላ በኩል ያመልጠናል።

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። ለመሆኑ የመጀመሪያዋ የስም ለውጥ ራሷ አዲስ አበባ አይደለችምን? በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ስሙን ሲያወጡ ስፍራው ስም አልባ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚሉት ሰዎች ነበሩበት፤ አሁንም አሉ። ጉለሌ፣ የካ፣ ቦሌ፣ ቀበና፣ ላፍቶ የምንላቸውም ከከተማዪቱ በፊት የነበሩ የኦሮሞ ስሞች ናቸው። በላያቸው የመጣው አሰፋፈር የጦር ሠፈር አሰፋፈር ነበር። መኳንንቱ ቦታ ይመራሉ፤ አሽከሩና ወታደሩ በዙሪያቸው ይሠፍራል። ራስ መኮንን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ራስ ብሩ፣ ደጃች ውቤ የየሠፈሩ ስም ሆነው ቀሩ። «ሠፈር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚያው ከመሥፈር ነው። እንግዲህ ከተማዪቱ ገና ስትጠነሰስ የሰው መገኛ የሚነገረው በመንገድ ሳይሆን በሠፈር ነበር። መንገድ የሚያገናኝ እንጂ የሚኖሩበት አልነበረም።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው አምስት ዓመታት የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አወረደ፤ ከጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳን ገበያ ነቅሎ ዛሬ ካለበት ቦታ ተከለ። ነጭና ጥቁር ተለይቶ እንዲኖር የነደፈው ዕቅድም ነበረው። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ። የድሉ ቀን ሚያዝያ 27፣ የዕልቂቱም ቀን የካቲት 12 አደባባይ ተሠየመላቸው። ያማረ ሥራ ነበር። እኛስ ምን አደረግን? የሰማዕታቱን አደባባይ ስድስት ኪሎ፣ የድሉን አራት ኪሎ እያልን ቀጠልን። የቀድሞው አራዳ ፒያሳ፣ ገበያው መርካቶ ሆኖ ቀረ። ካዛንቺስ የምንለው ደግሞ «ኢንቺስ» ተብሎ በምሕጻር የሚጠራው የጣሊያን ተቋም ለመንግሥቱ ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች ስም ነው። ፖፖላሬም እንደዚያው። የወራሪውን ሰሌዳ አውርደን ቃሉን በአፋችን ይዘን ቀረን።

በዚህ ነጥብ ላይ ሕዝቡን ማሞካሸት የለመደብን ጸሐፊዎች ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። የሕዝብ ስም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የካቲት 12ን ስድስት ኪሎ ያለ አፍ ታሪኩን በየቀኑ እየዘለለው ያልፋል። ይሁንና እነዚህ ስሞች የጸኑት ሕዝቡ ጣሊያንን ወድዶ አይደለም። ሰው በየዕለቱ የሚገበያይበት፣ የሚከራይበት፣ ታክሲ የሚጠብቅበት ቦታ ስለሆኑ ነው። ስም የሚኖረው በሥራው ነው።

ለዚህ ማስረጃው ንጉሠ ነገሥቱ ለወዳጆቻቸው ያደሏቸው የጎዳና ስሞች ናቸው። ቸርችል፣ ካኒንግሃም፣ ዌቭል፣ ሩዝቬልት፣ ቲቶ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ። ከእነዚህ ሁሉ በሰው አፍ የገባው ቸርችል ነው። ምክንያቱም እንግሊዛዊው ሰውዬ አይመስለኝም። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቁልቁል የተዘረጋውን ያን ሰፊ ጎዳና የሚተካ ሌላ መጠሪያ አልነበረም፤ ስሙም ሥራ አገኘ። ሜክሲኮም እንዲሁ ነው። ያቺ አገር ለፋሺስቶች ወረራ ዕውቅና ከነፈጉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች አደባባይ ተሰየመላት፤ በእርሷም ዋና ከተማ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። የእኛው ሜክሲኮ መንገዶች የሚገናኙበት በመሆኑ ስሙ ጸና። ታክሲ ተሳፋሪው ሁሉ ውለታውን አስታውሶ ነው የሚጠራው ማለት ግን አይቻልም።

ደርግ የመስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ ማለቱን ሁሉም ይናገራል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት፤ ያ ታሪክ አለቀ። የደርግ ትልቁ የስም ለውጥ ግን ያ አልነበረም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ ወዲህ የከተሜው መታወቂያ «ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል» ሆነ። ደብዳቤውም እቤቱ አይመጣለትም፤ ፖስታ ሣጥን ካለው እዚያ ሄዶ ያወጣል። በዚህ መሐል የጎዳና ስም ምን ሥራ ቀረው? ሰው የሚመዘገበው በቁጥር፣ የሚፈላለገው በሠፈር ነው። ጎዳናው በሁለቱም በኩል ሥራ አጥ ሆነ። ባለሥልጣን የጎዳና ስም ለመቀየር የማይከብደውም ለዚህ ይመስለኛል። ቢቀየር አድራሻው የሚጠፋበት ሰው የለም፤ የሚጮህም የለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣውም ከዚህ አልራቀም። አስመራ መንገድ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ተባለ፤ ሯጩ ክብሩ ይገባዋል፤ ሰው ግን ሃያ ሁለት ወይም መገናኛ ይወርዳል። ቦሌ መንገድ በወግ አፍሪካ ጎዳና ነው። ጋና፣ ካሜሩን፣ ናሚቢያ፣ ኬፕ ቨርዴ የተባሉ ጎዳናዎችም አሉን። የአፍሪካ መዲና ነን ለምንል ሰዎች ሐሳቡ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ስሙ ተሰጥቶ አገልግሎቱ መረሳቱ ነው። ከተማዪቱ በክፍለ ከተማ ስትከፈል ግን መስተዳድሩ ሳያስበው አንድ እውነት ተናገረ። ስም ሲያጥረው የዞረው ወደ ሠፈር ነው፤ ጉለሌ፣ የካ፣ ቦሌ፣ አራዳ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ አለ።

ደራሲዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ሌሊቱን የተረከልን በጎዳና ስም አይደለም፤ ውቤ በረሃ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ያልደረሰ ወጣት ዛሬ ውቤ በረሃን የሚያውቀው ከካርታ ሳይሆን ከዚያ ልብ ወለድ ነው። የሠፈሩን ስም ከነጠረኑ፣ ከነዘፈኑ፣ ከነኀዘኑ ይዞ ያቆየው እርሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ደራሲ ሊያቆይ የሚችለው ስሙን ነው እንጂ ጠሪዎቹን አይደለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የአድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የካዛንቺስ ተራ መጣ። አብዛኞቹ ቤቶች ያረጁ፣ የጭቃ ግድግዳቸው ያዘነበለ፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ እንደነበር የሚክድ ሰው እዚያ አልኖረም። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃም አምሯል። እኔም ሄጄበታለሁ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰሌዳ ኖሮ አያውቅም። ስሙ የተጻፈው በነዋሪው አፍ ላይ ብቻ ነበር። ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲሄድ ስሙን የሚፍቅ አዋጅ አላስፈለገም።

«ስማቸው በአዲሱ ቦታ ይቀጥላል» የሚል ይኖር ይሆናል። የከተማዪቱን ዳርቻ እንይ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። ስሞቹ የገበሬዎቹ ናቸው፤ ስሞቹ ቀሩ፣ ገበሬዎቹ ግን ከመሬታቸው ተነሡ። እዚያ የገባው ከተሜ ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? አድራሻውን ሲጠይቁት የብሎክ ቁጥር ይነግርዎታል። ከቀበሌ ቁጥር ተነሥተን ብሎክ ቁጥር ላይ ደረስን። አንዱ ሠፈር ጠሪውን አጥቶ ስሙ ሲሞት፣ ሌላው ጠሪው ተለውጦበት ስሙ ትርጉም አልባ ሆነ። ሁለቱ አንድ ጥፋት ናቸው።

ስለዚህ የጎዳና ስም ይቀየር አይቀየር የሚለው ክርክራችን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው። ቤት ከመፍረሱ በፊት የየጉራንጉሩ ስም፣ ማን እንዳወጣውና ለምን እንደወጣ፣ ከሽማግሌዎቹ አፍ ተመዝግቧል ወይ? በአዲሱ ሰፊ መንገድ ላይ ሰሌዳ ሲተከል የቀድሞው ስም፣ ከዚያም በፊት የነበረው፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም ጣሊያንኛውም፣ ከነዘመኑ ቢጻፍ ምን ይጎድላል? ሰሌዳው ለአንድ ጊዜ እንኳ ከሠፈሩ ሰው ጋር ይተዋወቅ ነበር። ወጪው ከአንድ የመብራት ምሰሶ አይበልጥም።

ከካዛንቺስ የተነሡ አንዲት እናት አውቃለሁ። ከሄዱ ወራት አልፈዋል። ስልክ ደውዬ «እማማ፣ አሁን የት ነዎት?» ስላቸው «ካዛንቺስ ነኛ!» አሉኝና ወዲያው ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸውም «የካዛንቺሷ እማማ» እንደሚሏቸው ነገሩኝ። እሳቸው እስካሉ ድረስ ስሙ አለ ማለት ነው። ስልኩን ተቀብላ ቤቱን እንዴት እንደማገኘው ያስረዳችኝ የልጅ ልጃቸው ግን የነገረችኝ የብሎኩንና የበሩን ቁጥር ነው። በዚያው ቁጥር ሄጄ ቤቱን ሳልሳሳት አገኘሁት።